ሌዘር ጭኜ ከሚሴ ኬላ የደረስኩ ዕለት

መንጃ ፈቃዴን ያስነጠቀኝ ነፍሱን ያተረፍኩለት ሰው ነው። ቢሮ ውስጥ ቆሞ፣ ፊት ለፊት እየተያየን፣ «ይህ ሾፌር አስገድዶ አረቄ ጋተኝ» ብሎ መሰከረብኝ። ከዚያ ወዲያ ከአንድ ዓመት በላይ መሪ አልጨበጥኩም። ሰው ሁሉ «ተወው እንድሪስ፣ አላህ ይከፍልሃል» ይለኝ ነበር። አላህ የሱን ድርሻ ይክፈል፤ የኔ ድርሻ መናገር ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ጨፋ ሮቢት አጠገብ ነው፤ አባቴ የከብት ነጋዴ ነበር። ትምህርት ቤት በልጅነቴ የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን እሱም የአስተማሪውን አልጋ ተሸክሜ ለማድረስ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። መኪና ግን በጆሮዬ ተማርኩ። ሞተር ሲያስል የት እንደሚያመው አውቅ ነበር። ከሚሴ ላይ ቤት ሠርቼ፣ ዘሃራን አግብቼ፣ የመንግሥት የጭነት መኪና ከአሰብ አዲስ አበባ እነዳ ነበር። ሰው አላስቀይምም ነበር ብል እዋሻለሁ። ምላሴ እንደ ዛሬው ነው፤ ዕድሜ አላለዘበውም።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት መግቢያ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ አሰብ ወደብ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ሳጥኖቹን እያስጫነ ጠበቀኝ። ስሙ ዳዊት ነው፤ ዶክተር ዳዊት። እኔ ሐኪም መስሎኝ ወገቤን ልነግረው ስጀምር «እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም ጋሼ፣ የፊዚክስ ነኝ» አለኝ። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ መመለሱ ነው። ሳጥኖቹ ላይ የብርጭቆ ሥዕል ተስሏል፤ «ይሰበራልና ተጠንቀቁ» ማለት መሆኑን እያንዳንዱን ተሸካሚ እየዞረ ነገረው። ሚስቱ ዛሬ የወለደች አባት ነው የሚመስለው። ጢሙ ገና ያልጠና ስለሆነ «አንተ» አልኩት፤ ቅር አላለውም።

ባቲን እስክናልፍ ድረስ ጉድጓድ በዘለልን ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል።

«ምንድን ነው የጫንኩልህ?» አልኩት በመጨረሻ።

«ብርሃን።»

«ብርሃንማ አይከብድም።»

«ይኼ ይከብዳል» ብሎ ሳቀ። «ሌዘር ይባላል ጋሼ እንድሪስ። ብልጭ የሚል መብራት ነው። ብልጭታው በጣም አጭር ከመሆኑ የተነሳ፣ ዓይንህን አንዴ የምታርገበግብበትን ጊዜ ሺህ ቦታ ቆርጠህ፣ አንዱን ቁራጭ እንደገና ሺህ ቦታ፣ ያንንም እንደገና ሺህ ቦታ ብትቆርጠው፣ ከዚያ የምታገኘው ቁራጭ ለኔ ብልጭታ ገና ረጅም ነው።»

«እና በዚህ ጥድፊያ ምን ትሠራበታለህ?»

«ፈሳሽ አይበታለሁ።»

«ፈሳሽ በዓይንም ይታያል እኮ።»

«የረጋ መስሎ ነዋ የሚታይህ። በብርጭቆ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ውሃ አንድም ቅንጣቱ አልተቀመጠም። ሁሉም ይንቀጠቀጣል፣ ይላተማል። ንቅጥቃጤው ፈጣን ነው፤ እሱን ለማየት ከሱ የፈጠነ ብልጭታ ያስፈልጋል።»

እኔ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እየያዝኩ «መንግሥት ስኳር አልቆበት የውሃ ንቅጥቃጤ ያስጭነኛል» አልኩ በልቤ። በልቤ ብቻ መሆኑ ደግሞ ለኔ ብርቅ ነው።

ከሚሴ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። የኬላው ሰንሰለት ተዘርግቷል። ልጁ የአሰብ ውሃ ሆዱን አበላሽቶት ስለነበር «ክኒን ልለምን» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። እኔ ከመኪናው ስወርድ የኬላው ሹም ሸምሱ ከዳሱ ብቅ አለ።

ሸምሱን ላስተዋውቃችሁ። አብሮ አደጌ ነው፤ ቦርከና ሲሞላ አብረን የዋኘን። አብዮቱ ሲመጣ ካኪ ለበሰና «ጓድ ሸምሱ» ሆነ። ስሙ ላይ «ጓድ» የሚለውን የረሳ ሾፌር ጭነቱን እስከ ታች ያራግፍ ነበር።

«ጓድ ሸምሱ፣ አካም ጅርታ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት።

«ነጋ። ምን ጭነሃል?»

«ብርሃን።»

«አትቀልድ እንድሪስ።»

«ወላሂ ባለቤቱ ያለኝን ነው።»

ሸራውን ገለጠ። የብርጭቆውን ሥዕል ሲያይ ፊቱ በራ። «ኣሃ! መጠጥ!» አለ። አንዱን ትንሽ ሳጥን አስወርዶ አስከፈተ። በገለባ የተጠቀለሉ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ሁሉም እንደ ውሃ ጥርት ያሉ። ጠርሙሶቹ ላይ የውጭ ቋንቋ ተጽፎባቸዋል፣ ከጽሑፉ ጎን ደግሞ የሰው ራስ ቅል ከሁለት አጥንት ጋር ተስሏል። እኔ ማንበብ አልችልም፣ እሱ ይችላል፤ የራስ ቅሉን ግን ሁለታችንም አይተናል።

«ሸምሱ፣ ይኼ የሞት ምልክት ነው። ባለቤቱ እስኪመጣ ተወው» አልኩት።

«አይ ያንተ ነገር! በዚህ ወር ብቻ ስንቱን የራስ ቅል ለጥፈው ውስኪ አሳልፈዋል መሰለህ? የአይጥ መርዝ ነው ብሎኝ የነበረው ሰውዬ ሳጥን ውስጥ ምን አገኘሁ? ኮኛክ!»

እውነቱን ነው። ኮንትሮባንዲስቱ ሁሉ ያን ሥዕል ተምሮ ነበር። ስለዚህ የኬላው ሰዎች የምርመራ ልማዳቸው መቅመስ ሆኗል። ነጭ ዱቄት ካገኙ ይልሳሉ፤ ዘይት ካገኙ ጣታቸውን ነክረው ይጠባሉ፤ ሳሙናም ሲነክሱ አይቻለሁ። ሸምሱ አንዱን ጠርሙስ ይዞ «ለምርመራ» ብሎ ዳሱ ውስጥ ገባ። እኔ ልከተለው ስል ጠመንጃ የያዘው ዘብ አገደኝ። ትንሽ ቆይቶ ጢሙን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ወጣ።

«ውስኪ አይደለም» አለ፣ ቅር እያለው። «ለስላሳ ነው። እንደ ውሃ ወርዶ በኋላ ሞቅ የሚያደርግ ዓይነት።»

ዶክተር ዳዊት ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ሲመለስ የተከፈተውን ሳጥን አየ። ቀጥሎ ጠርሙሱን አየ፤ አንድ ብርጭቆ ያህል ጎድሏል። ጽሑፉን አነበበና ክኒኑ ከእጁ ወደቀ።

«ከዚህ የተደፋ አለ?»

«ለምርመራ ወጥቷል» አለ ሸምሱ።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ጠጥቶታል?»

«ጢሙን ሲጠርግ አይቻለሁ።»

ልጁ አፈር ላይ ቁጭ አለ። «ይኼ ሜታኖል ነው። የአልኮል ዘር ነው፤ ሽታውም መልኩም ከሚጠጣው ጋር አንድ ነው። ግን ይገድላል። ይህን ያህሉ ይገድላል።»

ሸምሱ ደረቱን ነፋ። «እኔ ምንም አልሆንኩም! እየኝ!»

«ክፋቱ እሱ ነው ጓድ። አሁን ምንም አይልህም። ከሰዓታት በኋላ ዓይንህ ይደበዝዛል፤ ጭጋግ ውስጥ የገባህ ይመስልሃል። ከዚያ ይጨልማል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንተ ራስህ የለህም።»

ሰው ተሰብስቧል፤ የከሚሴ ሰው ለነገር አይጠራም፣ ራሱ ይመጣል። እኔ ልጁን ትከሻውን ይዤ «መድኃኒት የለውም?» አልኩት።

«አለው።»

«ምን?»

ዙሪያውን አየ። አንገቱን ሰበር አድርጎ «አረቄ» አለ።

የሰዉ ሳቅ እስከ ገበያው ሳይሰማ አልቀረም። ሸምሱ ግን አልሳቀም። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «እኔ ሙስሊም ነኝ! ሂንዱጉ! አልጠጣም!» ብሎ ጮኸ። ከሩብ ሰዓት በፊት ያንን ብርጭቆ የገለበጠ ሰው እኮ ነው። ቀጥሎ ወደ ዘቦቹ ዞረ፦ «እነዚህ ሰዎች የመንግሥት ሹም በሕዝብ ፊት ሊያዋርዱ ነው። ያዟቸው!»

ያዙን። እዚያ ላይ ነገሩ ገባኝ። ሰውየው አረቄ ከጠጣ፣ ሜታኖሉን መጠጣቱን አመነ ማለት ነው። ካላመነ ይሞታል። እሱ ከሁለቱ መሞቱን መርጧል፤ ምክንያቱም ገና አላመመውማ! እሱ ቢሞት ደግሞ መርዝ የጫንኩት እኔ፣ መርዙን ያመጣው ልጁ፣ ሁለታችንም የት እንደምንገባ በዚያ ዘመን የኖረ ሁሉ ያውቃል።

የያዘኝን ዘብ «የሼህ ኡመር የእህት ልጅ አይደለህም?» አልኩት።

«ነኝ።»

«እንግዲያው አንተ አትልቀቀኝ፤ ይዘኸኝ መስጊድ ድረስ ሩጥ።»

እንደያዘኝ ሮጥን። ሼህ ኡመር የዙህርን ሰላት ሊያሰግዱ ውዱእ እያደረጉ ነበር። ነገሩን እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ተናገርኩ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። እግራቸውን ታጥበው ጨረሱና «ሰላቱን ሌላ ሰው ያሰግድ፤ ይኼኛው አይቆይም» ብለው በትራቸውን አነሱ።

ኬላው ላይ ሲደርሱ ሰዉ መንገድ ለቀቀ።

«ሸምሱ ልጄ፣ ጠጥተሃል?»

«ሼሃችን፣ ለመንግሥት ሥራ ቀምሻለሁ።»

«ምን ያህል ነው የቀመስከው?»

ሸምሱ በጣቱ ትንሽ መሆኑን አሳየ።

«እስቲ እፍ በልብኝ።»

እፍ አለ። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ፤ «ልጄ፣ እምነትህ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። በምታመልከው ማልልኝ። ካልጠጣ ይሞታል?»

«ይሞታል አባቴ። ወይ ይታወራል። አረቄውን አጠጥተን ደግሞ ደሴ ሆስፒታል ማድረስ አለብን።»

ሼህ ኡመር ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦ «ያ ጀማዓ፣ ስሙ። ለነፍሱ የፈራ ሰው የተከለከለውም ይፈቀድለታል። ይኼ ዶሩራ ነው። ዛሬ ለሸምሱ አረቄ መድኃኒቱ ነው፤ አልጠጣም ካለ ነፍሱን በገዛ እጁ አጠፋ። ሸምሱ፣ ጠጣ።»

«ሰው እያየኝ ሼሃችን?»

ሼሁ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ያ ጀማዓ! ፊታችሁን አዙሩ!»

ወላሂ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ገበያተኛው፣ ዘቡ፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም ጀርባውን ሰጠ። ከፊት ለፊት የሚታየው ትከሻና ፎጣ ብቻ ነበር።

አረቄውን ላመጣ ወደ እትዬ በላይነሽ ሮጥኩ። በመኪና ማቆሚያው በኩል ለሾፌሮች አረቄ የምትሸጥ ሴት ናት።

«ስንት መለኪያ?» አለችኝ።

«ያለሽን ሁሉ።»

«አብደሃል? ለማን ነው?»

«ለጓድ ሸምሱ።»

«እንዲያ በለኛ! ለሱማ ዳጉሳውን ነው እንጂ የምሰጠው» ብላ ከጓዳ ሌላ ጠርሙስ አወጣች። «ግን ዛሬ ምነው በፊት በር?»

ልመልስላት ጊዜ አልነበረኝም። ሳቄን ግን መንገድ ላይ ጨረስኩት።

ልጁ በቴርሞስ ክዳን እየለካ ሰጠው። ሸምሱ የመጀመሪያውን ፊቱን አጨማዶ፣ ሁለተኛውን በባዶ ፊት፣ ሦስተኛውን ሳይጠየቅ ዋጠው። የጤና ጣቢያው ረዳት መጥቶ ልጁን አንድ ሁለት ነገር ጠየቀውና «እውነቱን ነው፤ እኛ ጋ መኪና የለም፣ አሁኑኑ ውሰዱት» አለ።

ያለን መኪና የኔው ነው። ደሴ ማለት ደግሞ ወደ መጣንበት መመለስ፣ ሐርቡንና ኮምቦልቻን እንደገና አልፎ የደሴን ዳገት መውጣት ነው። ሳጥኖቹን ለማራገፍ ጊዜ የለም፤ ኬላው ላይ ጥለናቸው ብንሄድስ ማን ይቀምሳቸዋል?

«መስታወቶችህስ?» አልኩት። በርሊን ላይ በእጁ ያስተካከላቸው መስታወቶች መሆናቸውን ከባቲ እስከ ኮምቦልቻ ሲያወራልኝ ነበር።

ወደ ሳጥኖቹ አንዴ ብቻ ዞሮ አየ። «ይሰበሩ። ንዳ» አለኝ።

ነዳሁ። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ሸምሱን ጋቢናው ውስጥ መሀላችን አስቀመጥነው፤ ልጁ ክዳኑን እየሞላ ያጠጣዋል። ሐርቡ ስንደርስ ሸምሱ ፍልስፍና ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ መርዙን በአረቄ ማዳን ምን የሚሉት ሕክምና ነው? እሳትን በላምባ አጥፋ እንደማለት እኮ ነው።»

«ሆድህ ውስጥ ወፍጮ አለ በል» አለው ልጁ። «የጠጣኸው ነገር እንዳለ ቢወጣ አይገድልህም። የሚገድልህ ወፍጮው ሲፈጨው ነው፤ ዱቄቱ ነው መርዙ። ወፍጮው ደግሞ አረቄ ይወዳል። አረቄ ካገኘ ያንን ትቶ እሱን ይፈጫል። ያኛው ወረፋ እየጠበቀ በሽንት ይወጣል።»

«ወፍጮው እኔን ይመስላል» አለ ሸምሱና በገዛ ራሱ ቀልድ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ድንገት አለቀሰ። «እንድሪስ፣ እሞታለሁ?»

«ዝም ብለህ ጠጣ።»

«ማል ታቴ፣ ምን ሆነህ ነው ማለት የለም? ለምንድን ነው ይኼ ልጅ መርዝ ይዞ አገር የሚያቋርጠው?»

ልጁ ለማስረዳት ሞከረ። ሜታኖል ትንሿ አልኮል ስለሆነች ንቅጥቃጤዋን ለማጥናት ትቀላለች አለ። መጀመሪያ አንድ ብልጭታ ሲልክባት ቅንጣቶቹ ሁሉ በአንድ ምት መወዛወዝ ይጀምራሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ እየተገፋፉ ምቱ ይጠፋቸዋል፤ ሁለተኛ ብልጭታ ይልክና አብረው መሆን አለመሆናቸውን ያያል። «የምለካው አብረው የሚቆዩባትን ጊዜ ነው» አለ።

«እንደ ሐድራ ነው?» አልኩት።

«ሐድራ ምንድን ነው?»

ለዚህ ማስረጃ ከሰከረ ሸምሱ የተሻለ ሰው የለም። የጋቢናውን ብረት እንደ ድቤ መታና መንዙማ ጀመረ። ድምፁ ድሮም ያምር ነበር። ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ልጁንም እኔንም ይዞን ተወዛወዘ፤ ድቤው አንዴ ሲመታ ጀማው ሁሉ አብሮ እንደሚያዘነብል፣ ድቤ መቺው ሲያርፍ ደግሞ ሰዉ ለጥቂት ጊዜ አብሮ ቆይቶ፣ እየተገፋፋ፣ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ እንደሚበተን አሳየው።

ልጁ ጉልበቱን መታ። «እሱ ነው! ልክ እሱ ነው! ብልጭታው ድቤው ነው!»

«መንገዱን ልይበት፣ ትከሻዬን ልቀቁኝ!» አልኳቸው። ኮምቦልቻን ያለፍነው ሦስታችንም እየተወዛወዝን ነው።

የደሴ ዳገት መሐል ላይ ግን ሸምሱ መንዙማውን አቋረጠ። «እንድሪስ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ጉም ወርዷል እንዴ?»

ጉም የለም። ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ነበረች። ልጁ ክዳኑን ሞላ፤ ሲቸኩል ግማሹን ሱሪው ላይ አፈሰሰው። እኔ ጥሩምባውን ይዤ አልለቀቅኩም። ጀርባችን ላይ ሳጥን ውስጥ የሆነ ነገር ቅጭል ብሎ ሲሰበር ሰምተናል፤ ልጁ ግን አልዞረም።

ሆስፒታል ስንደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ሐኪሙ ሸምሱን አሽትቶ «ሰካራም አመጣችሁልኝ?» አለ። ልጁ ሲነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ አልጋ አስያዘው፤ አረቄውን በመርፌ ቀጥሉ አለ። ሲወጣ «ማን ነው ያዘዘለት?» ብሎ ጠየቀን። «አንድ ሼህና አንድ የፊዚክስ አስተማሪ» አልኩት። የቀለድኩበት መስሎት ገላመጠኝ።

ሸምሱ አልጋው ላይ እጄን ይዞ «እንድሪስ ወንድሜ፣ እስክሞት ያንተ ነኝ» አለኝ። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ።

ሰውየው ዳነ። ዓይኑ ግን ለብዙ ጊዜ ደብዝዞ ስለቀረ ጥቁር መነጽር አደረገ። ከሚሴ ሲመለስ ሰው አላስቀመጠው። ባለፈበት ሁሉ አንዱ «ፊታችሁን አዙሩ!» ይላል፣ ሌላው ይስቃል። ሹም መሳቂያ ሲሆን ጥፋተኛ ይፈልጋል። እኔን አገኘ። ከጉዞ መስመሬ ወጥቼ፣ ጋቢናዬ ውስጥ አረቄ ጭኜ፣ የመንግሥት ሹም አስገድጄ አጠጥቼ ነዳሁ ተባለ። ደሴ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ቀረብኩ፤ እሱም በመነጽሩ ውስጥ ሆኖ መሰከረ። ሼህ ኡመር ይመስክሩልኝ አልኩ፤ «የሼህ ቃል እዚህ አይሠራም» አሉኝ። መንጃ ፈቃዴ ከጠረጴዛው ወዲያ ቀረ።

ዘሃራ ጉልት ወጥታ ሽንኩርት ቸረቸረች። እኔ ቤት መዋል ሲያሳብደኝ መሠረተ ትምህርት ገባሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ከልጆች ጋር «ሀ ሁ» ሲል አስቡት። አስተማሪዋ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ስሳሳት «አይዞህ አባባ» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ «አባባ ያንቺ አባት ነው» እላታለሁ። ግን ተማርኩ።

መሐል ላይ ልጁን ፍለጋ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሲያየኝ አቀፈኝ፤ አብሮኝም ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ። አዲስ አበባ «ጉዳዩ የደሴ ነው» አለች፤ ደሴ «ተወስኗል» አለች። አንድ ቀን በጠራራ ቀትር፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ክፍል ውስጥ አስገባኝና ብርሃኑን አሳየኝ። ክር የመሰለ አረንጓዴ ጨረር ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያልፋል። ዕቃው ውስጥ ያለው ያው መርዝ ነው። የተሰበረውን መስታወት በሌላ ተክቶ፣ ለማስተካከል ብዙ ወር ፈጅቶበታል። ቴሌቪዥን የመሰለው ዕቃ ላይ አንድ መስመር ከላይ ተነስቶ ቁልቁል ወረደ። «ይኸውልህ፤ ሐድራው እየተበተነ ነው» አለኝ። ቆሜ አየሁት። ያንን ሁሉ ያስከፈለኝ ነገር ይኼ ነው ብዬ ልናደድ ፈልጌ አልቻልኩም፤ ያምር ነበር።

በሰባ ስድስት ግንቦት የሸምሱ ዓይን ጠራ። ቤተሰቡ በሬ አርዶ ለምስጋና ዱዓ ጠራ። እኔም ተጠራሁ፤ ከሚሴ ውስጥ ጠላትህንም ለዱዓ ትጠራዋለህ። ሄድኩ። እንዲህ ያለ ዱዓ ከመነሳቱ በፊት ሰው ሐቁን ይቅር መባባል አለበት። ሼህ ኡመር ጠየቁ፦ «በዚህ ሰው ላይ ሐቅ ያለው አለ? አውፍ በሉት።»

«አውፍ ብለናል!» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ።

«እኔ አላልኩም» አልኩ።

ከጎኔ የተቀመጠው ጎኔን ጎሽሞኝ «ተው አንተ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለኝ። «ይቀዝቅዝ» አልኩት። አንዱ «እንድሪስ፣ ስለ አላህ» አለ። ሌላው «ሁልጊዜ እሱ ነው» አለ። ሼሁ ግን እጃቸውን አልዘረጉም። «ሐቁን ያልተወ ሰው እያለ ዱዓ አላነሳም» አሉ። ያ ሁሉ ሰው እኔን ጠበቀ፤ እኔ ሸምሱን ጠበቅሁ። እሱ ምንጣፉን ያይ ነበር።

የተናገሩት እናቱ ናቸው፣ አደ ፋጡማ። ከሴቶቹ በኩል ተነስተው፦ «ሸምሱ፣ ዓይኔ ተመለሰ ብለህ አይደል በሬ ያረድከው?»

«አዎ እማዬ።»

«በል እየዋ! ፊት ለፊትህ ተቀምጧል፣ እየው!»

ቀና አለ። ያለ መነጽር ፊቱን ካየሁት ብዙ ጊዜዬ ነበር። ያረጀ መሰለኝ። ከዚያ፦ «በገዛ እጄ ነው የጠጣሁት። አረቄውንም ሼሃችን ፈቅደውልኝ ነው። እንድሪስ ነፍሴን አተረፈ፤ እኔ እንጀራውን ቆረጥኩ። ደሴ ላይ ያልኩት ሐሰት ነው» አለ።

ሰዉ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ እጁን ሊዘረጋ ሲል አቆምኩት። «ይኼን ደሴም ይበል። ያኔ አውፍ እላለሁ።»

«ኧረ ይኼ ሰውዬ!» አለ የጎኔው፣ ወደ ምግቡ እያየ።

ሼሁ ግን «ሐቁ ነው» አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ዋስ ሆኑ። ለዱዓው ስል ግማሹን አውፍ አልኩ፤ ግማሹን ለደሴ አስቀረሁ። በሬው ቀዝቅዞ ተበላ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ወዲህ ሆደ ሰፊ ሰው የሆንኩ ከመሰለህ ተሳስተሃል። ከሸምሱ ጋር ሰላም እንባባላለን፤ አብረን ግን አንቀመጥም። አውፍ ማለት እርም ማውጣት እንጂ መልሶ ማቀፍ አይደለም፤ ቢያንስ በኔ ቤት። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በፊት ሐቄን ስነጠቅ ተሳድቤ እሄድ ነበር፤ ስድብ ደግሞ ለነጣቂው ምቾት ነው፣ «ድሮም ባለጌ ነው» ይልሃል። ያን ቀን ሳልሳደብ፣ ሁለት ቃል ብቻ ተናግሬ፣ ቁጭ ብዬ መጠበቅን ተማርኩ። ሐቅ ያለህ እንደሆነ ምግቡ ቢቀዘቅዝም አትነሳ። ሰው «ነገር አታርዝም» ሲልህ የራቡን ነው የሚነግርህ፣ የፍትሑን አይደለም።

ሸምሱ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ደሴ ሄዶ ቃሉን ለወጠ። እኔም በቢሮው በር ላይ የተጻፈውን በራሴ አንብቤ ገባሁ። መንጃ ፈቃዴን በእጄ ተቀብዬ፣ ቀሪውን ግማሽ አውፍ ያልኩት ሰኔ 4 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው።